መድረክ ዘለል የበይነገጽ መሥሪያ

የሶፍትዌር ሰዎች «ክሮስ ፕላትፎርም ጂዩአይ ቱልኪት» የሚሉትን በአማርኛ «መድረክ ዘለል የበይነገጽ መሥሪያ» ልንለው እንችላለን። በይነገጽ ተጠቃሚው የሚያየውና የሚነካው የፕሮግራሙ ፊት ነው፦ መስኮቱ፣ ቁልፉ፣ የጽሑፍ ሳጥኑ። መድረክ ፕሮግራሙ የሚሠራበት ሥርዓት ነው፦ ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ፣ ማክ፣ አንድሮይድ። «ዘለል» የመጣው «ድንበር ዘለል» ከሚለው ነው። መሥሪያው እነዚህን የገጽ ክፍሎች አዘጋጅቶ የያዘ የኮድ ስብስብ ሲሆን፣ አንዴ የተጻፈ ፕሮግራም በብዙ ሥርዓቶች ላይ እንዲሠራ ያስችላል።

በወላይታ፣ ዱቦ ላለው ሆስፒታል የካርድ ክፍል ፕሮግራም የሚሠራ ባለሙያ አለ እንበል። ካርድ ክፍሉ ዊንዶውስ፣ መድኃኒት ቤቱ ሊኑክስ ቢጠቀሙ፣ መሥሪያው ከሌለ ያንኑ ቅጽ ሁለት ጊዜ መጻፍ ይኖርበታል።

መሥሪያዎቹ በአሠራር ሦስት ዓይነት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ደብሊውኤክስ ዊጄትስ የየሥርዓቱን የራሱን ቁልፎች ይጠራል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ለተጠቃሚው እንግዳ አይሆንም። በኖርዌይ የተወለደው ኪዩት፣ ጂቲኬ እና የጎግሉ ፍላተር ቁልፎቹን ራሳቸው ይሥላሉ። ኤሌክትሮን ግን የድረ ገጽ ማሰሻ በሆዱ ይዞ ይመጣል፤ ድረ ገጽ መሥራት ለለመደ ሰው ይቀላል፣ ትንሽ ፕሮግራም እንኳ ሲሆን ግን ብዙ ራም ይበላል።

በእኛ አገር ቀዳሚው መመዘኛ የጽሑፍ ሳጥኑ መሆን አለበት። ወላይትኛ በላቲን፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ስለሚጻፍ ያ የሆስፒታሉ ቅጽ ሁለቱንም መቀበል ይኖርበታል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ፊደሉን ማሳየት ብዙም አያስቸግርም፤ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ባዶ ሳጥኖች እንዳይታዩ እንደ አቢሲኒካ ያለ ነፃ ፎንት ከፕሮግራሙ ጋር ማሸግ ይበቃል። ከባዱ ትየባው ነው። «ሉ» ለመጻፍ ብዙውን ጊዜ ሁለት የኪቦርድ ቁልፍ ይነካል። ሁለቱን ወደ አንድ ፊደል የሚያጣምረው የትየባ ዘዴ ከሳጥኑ ጋር ካልተግባባ ፊደሉ ይሰበራል። ጂቲኬ በሁለተኛና በሦስተኛ ትውልዱ የአማርኛ መተየቢያ ዘዴ አብሮት ይመጣ ነበር።

ፈቃድም መታየት አለበት። ኪዩት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ኤልጂፒኤል በተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድም ስለሚገኝ፣ የፈቃዱን ግዴታ ያከበረ ሰው ኮዱን ሳይገልጥም ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት ይችላል።

ፕሮግራሙ ለቢሮ ኮምፒውተር ብቻ ከሆነ ኪዩትን፣ ስልክም ካለበት ፍላተርን ማስቀደም ያዋጣል። ከመወሰን በፊት ግን አንድ መስኮትና አንድ የጽሑፍ ሳጥን ብቻ ሠርቶ፣ በቢሮው ካሉት ሁሉ በዘገመው ማሽን ላይ መዝጋቢዋን ራሷን ስም በሁለቱም ፊደል እንድትጽፍና እንድታጠፋ ማድረግ ነው። እዚያ የተደናቀፈ መሥሪያ በሌላው ሁሉ ቢበልጥም ይቅር።