ሸገር 102.1፦ ለጨዋታ ቦታ የሰጠ ጣቢያ

ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በመስከረም 2000 ዓ.ም.፣ የሚሊኒየሙ በዓል ድምቀት ገና ሳይበርድ፣ ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ስርጭት የጀመረ የግል ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ከመሥራቾቹ መካከል በይበልጥ የሚታወቁት ጋዜጠኛዋ መዓዛ ብሩና ባለቤታቸው አበበ ባልቻ ናቸው። አበበን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በ«ሰው ለሰው» ድራማ አስናቀን ሆነው ሲተውኑ ነው፤ በሙያቸው ግን የሕግ ሰውም ናቸው።

ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ አየር ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው በመንግሥት እጅ ነበር። ሬዲዮ ወደ አገሪቱ የገባው በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ሲሆን፣ ቴሌቪዥን ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ከቴዎድሮስ አደባባይ ሽቅብ በቸርችል ጎዳና አናት ላይ ከሚገኘው ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ተነሥቶ ተሰራጨ። አራዳና ፒያሳ ሙዚቃ ቤቶቹን፣ ሲኒማ ቤቶቹንና ሀገር ፍቅር ቴአትርን ይዘው የከተማዋ የመዝናኛ እምብርት ነበሩ። ቤት ለዋለው አድማጭ ግን ዋናው ምርጫ የመንግሥቱ ጣቢያ ነበር። ያም ጣቢያ ቢሆን ትልቅ ቅርስ ትቷል፤ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልቦለድ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርኩ የሰማ ትውልድ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ታሪክ የሚያስታውሰው በእርሳቸው ድምፅ ነው።

የለውጡ በር የተከፈተው በሕግ ነው። የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178/1991 የግል ባለሀብት የሬዲዮ ፈቃድ እንዲጠይቅ መንገድ ከፈተ። በ1992 ዓ.ም. መንግሥታዊው ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሥራ ጀመረ፤ ጣቢያው የአየር ሰዓት ለተባባሪ አዘጋጆች ይሰጥ ስለነበር፣ በርካታ የዛሬ ስመ ጥር የሬዲዮ ሰዎች እዚያ እጃቸውን አፍታቱ። መዓዛ ብሩም «ጨዋታ» የተባለውን ዝግጅት ያቀረቡት በዚሁ ጣቢያ ነበር። የግል ፈቃድ መሰጠት ሲጀምር ሸገር ከዛሚ 90.7 ጋር ከመጀመሪያዎቹ ተቀባዮች አንዱ ሆነ።

አዲስ የኤፍ ኤም ጣቢያ ቀላሉ መንገድ ወጣቱን በትኩስ ዘፈን መያዝ ነው። ሸገር ለጎልማሳውም ቦታ ሰጠ። የቆዩ ዘፈኖችን አጫወተ፣ ወሬን በረጋ አንደበት አቀረበ፤ ከሁሉም በላይ ለንግግር ጊዜ አልሰሰተም። የዚህ ዋና ማሳያ «የጨዋታ እንግዳ» ነው። መዓዛ እንግዳቸውን ከትውልድ ቀዬው፣ ከእናት ከአባቱና ከትምህርት ቤቱ ጀምረው፣ ሳይቸኩሉ እየጠየቁ እስከ ሥራው ፍጻሜ ይሄዳሉ። አንድ ሰው ለተከታታይ ሳምንታት ሊቀርብ ይችላል። አርቲስቱ፣ ምሁሩ፣ የጦር መኮንኑ፣ የቀድሞው ሹም በዚህ መንበር ተቀምጠዋል። በየመጽሐፉ የማይገኝ ነገር በዚህ መንገድ ተመዝግቧል፦ የአንድ መሥሪያ ቤት ውሎ፣ የአንድ ሰፈር ኑሮ፣ የአብዮቱ ዘመን በአንድ ቤተሰብ ላይ ያሳረፈው ጠባሳ። የሸገር ትልቁ ውለታ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌሎቹ ዝግጅቶችም ከዚሁ ጠባይ ብዙ አይርቁም። እሸቴ አሰፋ በ«መቆያ» የዓለምን ታሪክ እንደ ተረት ይተርካሉ። «ሸገር ሼልፍ» መጻሕፍትን በድምፅ ያቀርባል፤ የወጋየሁ ንጋቱ መንገድ በእርሱ ቀጥሏል። «ሸገር ካፌ» የአገር ጉዳይ የሚመከርበት መድረክ ነው። ብርሃኑ ድጋፌ የሚያዘጋጁት «ለዛ» ደግሞ ለዘፈንና ለፊልም የአድማጮች ምርጫ ሽልማት እስከ መስጠት ደርሷል።

የኤፍ ኤም ሞገድ በቀጥታ የሚጓዝ በመሆኑ ተራራ ይጋርደዋል፤ እንደ አጭር ሞገድ ጠረፍ አይደርስም። ሞገዱ በሚደርስበት ክልል ውስጥ ግን ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ለሙዚቃ የተመቸውም በዚሁ ነው። ስለዚህ ኤፍ ኤም ከመነሻው የከተማ ሬዲዮ ሆነ። ከፒያሳ በቴዎድሮስ አደባባይ፣ በሴባስቶፖል መድፍ ምስል አጠገብ፣ ወደ ለገሃር የሚወርደው ሚኒባስ ሬዲዮ ከከፈተ ሾፌሩ፣ ረዳቱና ተሳፋሪው እኩል ይሰማሉ። ፀጉር ቤቱና ልብስ ሰፊውም እንዲሁ።

በኋላ አፍሮ 105.3፣ ብስራት 101.1፣ አሐዱ 94.3፣ ኢትዮ 107.8 እና ሌሎችም ተጨመሩ፤ ማስታወቂያውም አድማጩም ተከፋፈለ። ሸገር ዝግጅቶቹን በዩቲዩብም ማቅረብ ያዘ፤ ሞገዱ የማይደርስባቸው በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በዚህ በኩል አድማጮቹ ሆኑ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ ስለ አሮጌው አራዳ የሚናገሩ የቀድሞ እንግዶች ቅጂዎች ዋጋቸው ይበልጥ ከፍ ብሏል፤ ከተናጋሪዎቹም ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።