የቴምዝ ሳልመን ለምን አልተመለሰም?

ለንደን ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ሰው ቴምዝን በቀን ስንቴ እንደሚሻገር አይቆጥርም። ዛሬ ከድልድዩ በታች ስላለው ነገር ላውጋችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካና ካናዳ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ጀልባና መሪ ይዞ ቺኑክ የሚባለውን ግዙፍ ሳልመን ሊያጠምድ ይሄዳል። ቴምዝም የራሱ ሳልመን ነበረው፤ የአትላንቲኩ ዘር። ይህ ዓሣ ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ባሕር ወርዶ ያድጋል፣ እንቁላል ሊጥል ሲል የተወለደበትን ውሃ በጠረኑ ለይቶ ይመለሳል።

ታዲያ ምን አጠፋው? በመጀመሪያ ለጀልባ ተብለው የተሠሩ ግድቦች መንገዱን ዘጉበት። ቀጥሎ የከተማው ሽንት ቤት ሁሉ ወደ ወንዙ ተለቀቀ። 1830ዎቹ ላይ ሳልመን ከቴምዝ ጠፋ።

በ1858 በጋ ግማቱ ፓርላማ ገባ። መጋረጃውን በኖራ ውህድ ቢነክሩትም አልሆነም። ኮሌራ ድሃውን ለዓመታት ሲፈጅ የተኛ ምክር ቤት፣ ሽታው በራሱ መስኮት ሲገባ በሳምንታት ውስጥ ሕግ አወጣ! ኢንጂነር ባዛልጌት ድንቅ የቆሻሻ መስመር ዘረጋ። ግን ቆሻሻው ከከተማው በስተምሥራቅ እዚያው ወንዝ ላይ ነበር የሚደፋው። በ1957 የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቴምዝ ሞቷል አለ።

ከዚያ የፍሳሽ ማጣሪያዎቹ ተሻሻሉ። በ1974 አንድ ሳልመን በዌስት ተሮክ ኃይል ማመንጫ የውሃ ወንፊት ላይ ተገኘ። ከተማው ፈነደቀ! ከ1979 ጀምሮ ከሌላ ቦታ የመጡ ጫጩቶች ወንዙ ውስጥ ይለቀቁ ጀመር። በ1993 የተመለሱት 338 ተቆጠሩ። በ2005 ግን አንድም አልታየም። በ2011 የወጣ የዘረ መል ጥናት ደግሞ ቴምዝ ውስጥ የተያዙት ከጎረቤት የደቡብ እንግሊዝ ወንዞች የመጡ እንጂ የተለቀቁት ዘሮች አለመሆናቸውን አሳየ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ውሃ በገንዘብ ይጸዳል። ለንደን በቅርቡ እንኳን ከ4 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ አፍስሳ 25 ኪሎ ሜትር የፍሳሽ ዋሻ ጨርሳለች። ያንን ወንዝ ቤቴ ብሎ የሚያውቀው ዘር ግን አንዴ ከጠፋ ከገበያ አይገዛም።

ለምን አነሳሁት? ጣና ላይ ወደ 15 የሚሆኑ፣ ሌላ የትም የማይገኙ የላቤኦባርበስ ዝርያዎች አሉ። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ ልክ እንደ ሳልመን ጉማራን፣ ርብንና መገጭን ሽቅብ ወጥተው ይራባሉ። መረቡ የሚዘረጋውም በዚያው ወቅት፣ በወንዞቹ አፍ ላይ ነው። ቁጥራቸው በእጅጉ ቀንሷል።

አዲስ አበባም የወንዝ ዳርቻዋን እያሳመረች ነው፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ግን ሣር ከመትከል በፊት ቱቦው የት እንደሚደፋ ይጠየቅ። ጣና ላይ ደግሞ ዓሣው ገና በሕይወት አለ። በመራቢያው ወራት መረብ ማንሳት ቢሊዮን ፓውንድ አይፈልግም፤ ለአጥማጁ ቤተሰብ የእነዚያን ወራት እንጀራ ማሰብ ግን ይፈልጋል።

እናንተ ምን ትላላችሁ? ከባሕር ዳርና ከጎርጎራ ያላችሁ፣ ያያችሁትን ጻፉልን። ሰላም እደሩ።