የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን፦ ከአፍሪካ ዋንጫ መሥራችነት እስከ ሜዳ አልባነት

ኢትዮጵያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ካቋቋሙት አራት አገሮች አንዷ ናት። ብሔራዊ ቡድኗ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው በገዛ ሜዳው በአዲስ አበባ ነበር። ይኸው ቡድን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሜዳውን ጨዋታዎች በተደጋጋሚ በሌሎች አገሮች ስታዲየሞች ለማድረግ ተገድዷል።

ቡድኑ በ1940 ዓ.ም. ባደረገው የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ ግጥሚያው የያኔዋን የፈረንሳይ ሶማሌላንድ 5 ለ 0 አሸንፏል። በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ኮንፌዴሬሽኑን መሠረቱ። ደቡብ አፍሪካ ከነጭና ከጥቁር ተጫዋቾች የተውጣጣ ቡድን ለማሰለፍ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከውድድሩ ውጪ ስትሆን፣ ከእርሷ ጋር የተመደበችው ኢትዮጵያ ያለ ግጥሚያ ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

የዚያን ዘመን የኢትዮጵያን እግር ኳስ ከመሩት ሰዎች ቀዳሚው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። በ1914 ዓ.ም. በጅማ ከተማ የተወለዱት አቶ ይድነቃቸው የታዋቂው ድምፃዊ የተሰማ እሸቴ ልጅ ሲሆኑ፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ለረጅም ዓመታት ተጫውተዋል። ከ1964 ዓ.ም. አንሥቶ በ1979 ዓ.ም. ሕይወታቸው እስካለፈ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። በዚህ ኃላፊነታቸውም የአፓርታይድን ሥርዓት አጥብቀው በመታገል ይታወቃሉ።

በአሠልጣኝነት ያገኙት ትልቁ ድል የ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ነው። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረታች። ጥር 13 ቀን በተካሄደው ፍጻሜ ደግሞ ከተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ከግብፅ ቡድን ጋር ተገናኘች። ሁለት ጊዜ ስትመራ ቆይታ በግርማ ተክሌና በአምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ጎሎች አቻ ሆነች። በተጨማሪው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ሁለት ጎሎች አክለው ጨዋታው 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። ዋንጫውን ለአምበሉ የሰጡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ።

ኢትዮጵያ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. ውድድሩን ብታስተናግድም ዋንጫውን ዳግም አላገኘችም። በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ ከተሳተፈች በኋላ ለ31 ዓመታት ከመድረኩ ራቀች። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የተመራው ቡድን ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 በመርታት ናፍቆቱን ቋጨ። በደቡብ አፍሪካው ውድድር የወቅቱን ሻምፒዮና ዛምቢያን 1 ለ 1 ቢይዝም ከምድቡ አላለፈም። በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ ሥር በጥር 2014 ዓ.ም. በካሜሩን የተደረገው ተሳትፎም ከምድብ አልዘለለም።

ቡና አምራቹ የጅማ አካባቢ ለአገሪቱ እግር ኳስ ያለው አስተዋጽኦ በአቶ ይድነቃቸው አላበቃም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ወስዷል። ለዚህ ድል ያበቁት አሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌም በ2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን መርተዋል። ሆኖም ቡድኑን የተረከቡት ሜዳ አልባ በነበረበት ወቅት ነው።

የአገሪቱ ስታዲየሞች የኮንፌዴሬሽኑን መመዘኛ ባለማሟላታቸው፣ ቡድኑ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጋናን በ«ሜዳው» ያስተናገደው በጆሃንስበርግ ነው። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሞሮኮን ሜዳው አደረገ።

ከእነዚህ ግጥሚያዎች ሁሉ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የተደረገው ይታወሳል። ኢትዮጵያ በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች። ከስድሳ ዓመት በፊት ያው ተጋጣሚ ሲረታ የአዲስ አበባ ሕዝብ በስታዲየሙ ተገኝቶ ተመልክቷል። የ2014ቱ ድል ግን የተመዘገበው በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ነበር።