አመድና ፍም በከሚሴ መንገድ

የጦርነት ፊልም ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ተኩሱ ነው። ታንኩ ይንጋጋል፣ ጀግናው ብቻውን ሃያውን ይጥላል፣ መብራት ይበራል፣ እኛም ወደ መኝታችን። ተኩሱ ካበቃ በኋላ ያ ወታደር ወዴት ገባ? ይህን ማን ይጠይቃል?

አንድ የጎንደር ልጅ ጠይቋል። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ የሠራው «አሽስ ኤንድ ኤምበርስ»፣ በኛ አፍ «አመድና ፍም»፣ ከቪየትናም የተመለሰ ጥቁር አሜሪካዊ ወታደርን ይከተላል። ሰውየው ለአገሬ ብሎ ተዋግቷል፤ ሲመለስ ግን ያችው አገር በፖሊስ ዓይን ነው የምታየው። ጦርነቱ ካለቀ ዓመታት አልፈዋል፣ በሱ ጭንቅላት ውስጥ ግን አላለቀም። ሲንከራተት ቆይቶ ገጠር ወዳሉት አያቱ ይሄዳል። እሳቸውም የዘሩን የባርነትና የእምቢታ ታሪክ ይነግሩታል። እንግዲህ ፍሙ ያለው እዚያ ነው።

ነገሩን የሚያከብደው የዳይሬክተሩ አባት ማንነት ነው። አቶ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» በሚለው መጽሐፋቸው የአርበኞችን ተጋድሎ የጻፉ ሰው ናቸው። አባት ለምን እንደተዋጋ የሚያውቀውን አርበኛ ጻፉ፤ ልጅ ለማን እንደተዋጋ ግራ የገባውን ወታደር ቀረጸ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ጦርነቶቹ ግን አንድ አይደሉም። እኛ አንዱን ስንዘምር ሌላውን ረሳነው።

የኛስ ወታደር? ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ ስንቱ የገበሬ ልጅ በአፈሳ ሄደ። ኃይሌ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው «ጤዛ» ከአፈሳ የሚሸሹትን የገጠር ልጆች አሳይቶናል። በግንቦት 1983 ደሴና ኮምቦልቻ ወደቁ፣ በዚያው ወር ደርግም ወደቀ። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሚሆን ሠራዊት ተበተነ። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከሚሴን መሐል ለመሐል ያቋርጣታል። ቦርከና ያው ይፈሳል፣ የጨፋ ሣር ያው ይለመልማል። የተበተነው ወታደር የምግብ ድጋፍም መቋቋሚያም ተደረገለት እንበል፤ ማን አዳመጠው ግን?

ደግሞ በየትኛው ቋንቋ ይናገር? የሠራዊቱ ትዕዛዝ በአማርኛ ነበር። ከሚሴ፣ ባቲ፣ ሰንበቴ አካባቢ ግን እናት ልጇን «ምን ሆነህ መጣህ?» የምትለው በኦሮምኛ ነው። ያየውን ያየው በአንድ ቋንቋ፣ የሚጠየቀው በሌላ። ዝም ቢል ይፈረድበታል እንዴ?

በጥቅምት 2014 ጦርነት እንደገና ከሚሴ ገባ። ያን ጊዜ ዝም ያሉት የቀድሞ ወታደሮች የልጅ ልጆች በተራቸው ተኩስ ሰሙ። አያቶቹ የሚያውቁትን ቀድመው ነግረዋቸው ቢሆን ኖሮ ጦርነቱ ይቀር ነበር አንልም፤ ጦርነትን የሚያመጣው ያልተነገረ ወሬ ብቻ አይደለም። ሆኖም ጥይት ምን እንደሆነ ከፊልም ብቻ የተማረ ወጣት ለሚቀጥለው አፋሽ ቀላል ነው።

ስለዚህ ጓዶች፣ ለዕረፍት ወደ ቤት ስንገባ ካሜራ እስክናገኝ አንጠብቅ። በየሰፈራችን አንድ ሽማግሌ የቀድሞ ወታደር አይጠፋም። አጠገባቸው እንቀመጥ፣ በሚቀናቸው ቋንቋ እንጠይቅ፣ እንጻፍ። ስንት ገደሉ ብለን ሳይሆን፣ ሲመለሱ ማን በሩን ከፈተላቸው ብለን። አመዱ ሳይበተን ፍሙን እንድረስበት።