የዕድሜ ምደባ፦ አስፈሪ ፊልም ከስንት ዓመት ጀምሮ ይታይ?

የዕድሜ ምደባ፦ አንድ ፊልም የያዘው ፍርሃት፣ ጥቃት፣ ስድብ ወይም ወሲብ ተመዝኖ ከስንት ዓመት ጀምሮ ላለ ተመልካች እንደሚመጥን የሚወሰንበት ሥራ፤ በተለምዶ «ኤጅ ሬቲንግ» የሚባለው። በውሳኔው የሚሰጠው ቁጥር፣ ለምሳሌ 13፣ 16 ወይም 18፣ የዕድሜ እርከን ይባላል።

ዲኤስቲቪ የሚያይ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ፊልሙ ሲጀምር ስክሪኑ ጥግ ላይ ቁጥርና ፊደል ብቅ ይላል፤ ቁጥሩ ዕድሜውን፣ ፊደሉ ምክንያቱን ይናገራል። በሲኒማ ቤቶቻችን በር ላይ በሚለጠፈው ፖስተር ግን «የፍቅር»፣ «አስቂኝ»፣ «ልብ አንጠልጣይ» የሚሉትን እንጂ የዕድሜ ቁጥር ማየት ብዙም አልለመድንም። አብዛኛው የአማርኛ ፊልም ፍቅርና ኮሜዲ ስለሆነ ጥያቄው ማንንም አላስጨነቀም። የፊልም ተማሪ ለመመረቂያው አስፈሪ ፊልም ሠርቶ ቤተሰቡን፣ ጎረቤቱን፣ ታናናሾቹን ሁሉ ለምረቃው የጠራ ዕለት ግን ማምለጫ የለም።

ለምን «ምደባ»?

«ደረጃ» ማለት ይቀናን ነበር። ነገር ግን ደረጃ ሲባል ሆቴልና ኮከቡ ትዝ ይለናል፤ «የዚህ ፊልም ደረጃ 18 ነው» ቢባል ጥራቱ የተለካ ይመስላል። «ገደብ» ደግሞ ክልከላን ያስቀድማል። ክልከላ እዚህ አገር ረጅም ታሪክ አለው፤ በንጉሡም በደርግም ዘመን ፊልምና ቴአትር በሳንሱር መቀስ ሥር አልፈዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ማናቸውንም ቅድመ ምርመራ ከልክሏል። ያው አንቀጽ ግን የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል በሕግ ገደብ ሊደነገግ እንደሚችል ይናገራል። ምደባ የሚቆመው በእነዚህ ሁለት ሐሳቦች መካከል ነው። ሳንሱር ፊልሙን ይቆርጣል ወይም ያግዳል፤ ምደባ ፊልሙን ሳይነካ ለተመልካቹ አስቀድሞ ይናገራል። በ1912 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የተቋቋመው የእንግሊዝ የፊልም ቦርድ ራሱ ስሙን ከ«ሳንሱር» ወደ «ምደባ» የቀየረው በ1984 ነው።

ደም የሌለበት ፍርሃት

አንድ ምናባዊ ፊልም እንውሰድ። ርዝመቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ታሪኩ የሚሆነው መስቀል አደባባይ፣ በ2013 ዓ.ም. እድሳቱ ሲያልቅ ከአደባባዩ ሥር በተከፈተው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ካዛንቺስ ካለው ቢሮዋ አምሽታ የወጣች እናት፣ ልጇን ይዛ መኪናዋን ትፈልጋለች። መብራቱ ተራ በተራ ይጠፋል። ከኋላቸው ኮቴ ይሰማል፤ ሲዞሩ ማንም የለም። ልጁ የእናቱን እጅ ጭብጥ አድርጎ ይይዛል፤ ቀና ብሎ ሲያያት ፊቷ የእናቱ ፊት አይደለም። ስክሪኑ ይጨልማል፤ ፊልሙ አለቀ።

ደም የለም። ስድብ የለም። እርቃን የለም። ታዲያ ለሁሉም ይታይ?

ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የሚቆጥረው ደሙን ነው። የጄምስ ዋን «ዘ ኮንጁሪንግ» በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ «አር» የሚለውን እርከን ያገኘው ብዙ ደም ሳያሳይ ነው፤ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ እንዳይገባ የሚል ነው። የከበደው ፍርሃቱ ራሱ ነው።

ልጆች የሚፈሩትም ዕድሜያቸውን ተከትሎ ይለያያል። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ጆአን ካንተር ትንንሽ ልጆች ከሁሉ በላይ የሚደነግጡት በሚታየው ነገር፣ በተለይም በመልክ መለወጥ እንደሆነ አሳይተዋል። «ኢንክሬዲብል ሀልክ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ልጆቹን ያስለቀሳቸው ክፉው ሰው ሳይሆን ደጉ ሰው ወደ አረንጓዴ ግዙፍ ፍጡር ሲለወጥ ነበር። ከስምንትና ዘጠኝ ዓመት በኋላ ልጅ «ይህ በእኔም ሊደርስ ይችላል?» ብሎ መፍራት ይጀምራል። የኛ ምናባዊ ፊልም ሁለቱንም ይነካል። ለአምስት ዓመቱ ልጅ የእናት ፊት መለወጥ አለ፤ ለአሥር ዓመቱ ደግሞ ትናንት ከአባቱ ጋር መኪና ያቆመበት ቦታ አለ።

«እኛ በአያ ጅቦና በጭራቅ ተረት አይደል ያደግነው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ጭራቁ ሩቅ ጫካ ውስጥ ነው፤ ተረቱ በአያት ጉያ ይነገራል፤ ልጁ ሲፈራ አያት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ መጨረሻ ላይም ብልጧ ልጅ ታመልጣለች። ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ያለ ስፒከር ለማንም ዝቅ አይልም።

መዛኙ ምን ያያል?

ተማሪው ኤዲቲንጉን ከመጨረሱ በፊት እነዚህን ቢጠይቅ ይበጀዋል። እጅግ አስፈሪው ቅጽበት የቱ ነው? ስንት ጊዜ ይደጋገማል? ምን ያህልስ ይቆያል? መሐል ላይ መተንፈሻ፣ ሳቅ ወይም እፎይታ አለ? ታሪኩ የሚሆነው በተረት ዓለም ነው ወይስ ተመልካቹ በየቀኑ በሚያልፍበት ቦታ? መጨረሻው ያረጋጋል ወይስ ፍርሃቱን ወደ ቤት ይሸኛል?

ድምፅን መርሳት አይገባም። «ዘ ውማን ኢን ብላክ» በ2012 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ሲወጣ አከፋፋዩ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከአዋቂ ጋር ሊያዩት የሚችሉበትን እርከን ፈለገ። ለዚያ ሲባል ስድስት ሰከንድ ያህል ተቆረጠ፣ አንዳንድ ምስሎች ጠቆር ተደረጉ፣ የአንዳንድ ትዕይንቶች ድምፅ ተቀነሰ። ያም ሆኖ 134 ቅሬታ ቀረበበት፤ በዓመቱ ከሁሉ የበለጠ ቅሬታ ያስነሣው ፊልም እሱ ሆነ። መሪ ተዋናዩ ዳንኤል ራድክሊፍ ነበርና የሃሪ ፖተር ልጆች ሁሉ ተከትለውት ገብተዋል። ፖስተሩ ማንን እንደሚጠራም የምደባው አካል ነው።

በኔዘርላንድስ ያለው «ካይክዋይዘር» የተባለ አሠራር ለተማሪ ፊልም ጥሩ አርአያ ይሆናል። ፊልሙን የሚያወጣው ወገን ራሱ መጠይቅ ይሞላል፤ ውጤቱ ዕድሜና ምክንያትን የሚያሳይ ሥዕል ይሆናል። ጥቃት ከሆነ ቡጢ፣ ፍርሃት ከሆነ ሸረሪት። ኬንያም 16 እና 18ን ጨምሮ በአራት እርከን ትሠራለች።

ቁጥር የማይሸፍነው

መስቀል አደባባይ ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለማርያም በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን እየወረወሩ የሰባበሩት እዚሁ፣ ያኔ አብዮት አደባባይ በሚባለው ቦታ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም፣ የሟቾችን ፎቶግራፍና አጽም ይዞ አጠገቡ ቆሟል። የተማሪው ፊልም ኮቴውን ከዚያ ዘመን ጋር ካያያዘው የሚጎዳው ልጅ ብቻ አይደለም፤ ወንድማቸውን ያጡ የሰባ ዓመት እናትም አዳራሹ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። «ከ18 በላይ» የሚለው ለእሳቸው ምንም አይነግራቸውም። ስለዚህ ከእርከኑ ጎን የይዘት ማሳሰቢያ ያስፈልጋል፤ ምን እንዳለበት በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚገልጽ።

የሚታይበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 የተተካው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ልጆች አያዩም ብሎ የገመተው ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ያለውን ጊዜ ነበር። ዩቲዩብ ላይ ግን ሰዓት የለም፤ ባለቤቱ ሊያስቀምጥ የሚችለው የዕድሜ ገደብም 18 ብቻ ነው። 13 ለማለት የፈለገ ተማሪ ቁጥሩን ርዕሱ ውስጥና ከመጀመሪያው ምስል በፊት መጻፍ አለበት።

ለኛ ፊልም የምመርጠው 13 ነው። 16 ይበዛበታል፤ አጭር ነው፣ ጥቃት አያሳይም፣ የሚያስደነግጠውም የመጨረሻዋ ቅጽበት ናት። ከ13 ማውረድ ደግሞ ያቺን ቅጽበት ለትንንሾች መተው ይሆናል። ለምረቃው ቀን ታናናሾቹ የግድ ይግቡ ከተባለ ያለው አማራጭ መጨረሻውን መቀየር ነው። ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ፊልሙን እንደነበረ ማሳየት ተመልካችን ማታለል ነው። ማሳሰቢያው ሲጻፍ ደግሞ ታሪኩን አስቀድሞ እንዳያወጣው ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ «እናትየው ትለወጣለች» ብሎ የሚጽፍ ሰው ፊልሙን ገድሎታል።

አጠቃቀም፦ «የዕድሜ ምደባ፦ ከ13 ዓመት በላይ። ያልተቋረጠ ስጋትና ትንንሽ ልጆችን የሚረብሽ ትዕይንት አለበት።»