ከጎንደር በፊት ጉዛራ

የዓመት ዕረፍታችሁን አግኝታችሁ ከአንበሳሜ በሐሙሲት፥ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር የምትጓዙ እንደ ሆነ፥ እንፍራዝ ስትደርሱ ጥቂት ቁሙ። ጣናን ቁልቁል ከሚያይ ኰረብታ ላይ በድንጋይና በኖራ የታነጸው የጉዛራ ግንብ ይታያችኋል።

ብዙ ሰው የግንብ ቤተ መንግሥት ከዐፄ ፋሲል ጋራ የተጀመረ ይመስለዋል። እርሳቸው ጎንደርን የቈረቈሩት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1636 ነው። ጉዛራ ግን የዐፄ ሠርፀ ድንግል ሥራ ነው ይባላል፤ እኒህም ንጉሥ የነገሡት በዚሁ አቈጣጠር ከ1563 እስከ 1597 ነው። እንግዲህ በዕድሜ ጉዛራ ታላቅ፥ የጎንደር ግንቦች ታናሾች ናቸው ማለት ነው።

በጎንደር የፋሲልን መዋኛ ጐብኙ። ገንዳው ለጥምቀት በዓል ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል፤ የቅጥሩንም ግንብ የዛፎች ሥር እንደ እጅ ጨብጦ ይዞታል። ይህ ሥፍራ ከፋሲል ግቢ ጋራ በ1979 በዓለም ቅርስነት ስለ ተመዘገበ ተመልካች አያጣም። ጉዛራ ግን ጐብኚ ካጣ ተቈርቋሪ ያጣል፤ ተቈርቋሪ የሌለው ግንብም ድንጋዩ አንድ በአንድ ይረግፋል።

ስለዚህ ታናሹን ለማየት ስትጣደፉ ታላቁን ሳትጠይቁ አትለፉ።