የዑድ ጢስና የኃያላን ጠባይ

ዑድ በዐረብኛ እንጨት ማለት ነው፤ ባለ አውታሩ የሙዚቃ መሣሪያም የሚጤሰው መዓዛም በዚሁ ስም ይጠራሉ። የሽቶ ነጋዴዎች ይህን ጢስ ጢስ፣ እንጨት እንጨት የሚል ከባድ መዓዛ ለቆራጥና ለባለ ግርማ ሰው የተገባ ነው እያሉ ያሞግሱታል። አስተሳሰቡ ግን የነጋዴ ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ ሥሩ ከቤተ መንግሥት ይመዘዛል።

በጃፓን፣ በናራ ከተማ፣ በሾሶኢን ግምጃ ቤት ራንጃታይ የተባለ፣ ርዝመቱ 156 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 11.6 ኪሎ ግራም የሆነ የዑድ ግንድ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ1574 የጦር መሪው ኦዳ ኖቡናጋ ንጉሠ ነገሥቱን አስፈቅዶ ከዚህ ግንድ አስቆረጠ። ከእርሱ በፊት አሺካጋ ዮሺማሳ፣ ከእርሱም በኋላ በ1877 ንጉሠ ነገሥት ሜጂ አስቆርጠዋል፤ የሦስቱም ቁራጭ ስፍራ በወረቀት ምልክት ተለይቶ ይታያል። ኖቡናጋ የሚያጤሰው አጥቶ አይመስለኝም፤ የተፈለገው ለሌላው የተከለከለውን መቁረጥ ነበር።

ዛፉ ራሱ ግን የኃያል ጠባይ የለውም። በአሳምና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደኖች የሚበቅለው አኩዊላሪያ ጤነኛ ሳለ እንጨቱ ነጣ ያለ፣ ቀላልና መዓዛ የሌለው ነው። ትል ሲበሳው ወይም ቅርንጫፉ ሲሰበር፣ በቁስሉም ሻጋታ ሲገባ፣ ራሱን ለመከላከል ጠቆር ያለ ሙጫ ያመነጫል፤ ዑድ የሚባለውም ይኸው ሙጫ የዘለቀው እንጨት ነው። እንግዲህ መዓዛው የሚስማማው ሰው ካለ፣ አዛዡ ሳይሆን ጉዳቱን በዝምታ ችሎ የበሰለው ይመስለኛል።

ቁስለኛው ዛፍ ከውጭ በእርግጠኝነት ስለማይለይ ቆራጮች ጤነኛውንም አብረው ሲጥሉ ኖረዋል። በዚህም ምክንያት በ1995 አንዱ ዝርያ፣ በ2005 ደግሞ የአኩዊላሪያ ወገን በሙሉ በዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ሥር ገባ። በእርሻ በሚተከሉት ዛፎች ላይ ዛሬ ሰው ራሱ ግንዱን በመሰርሰሪያ እየበሳ ሻጋታ ያስገባበታል።